ሙሉ ጎተራ የታቀፈው ሹም

አንዳንዱ ተረት ሲነገር ቀልድ ይመስላል፤ መነሻውን የሰማ ግን ስቆ አያልፍም። ይህም እንዲያ ያለው ነው።

ባንክ ለአገሩ እንግዳ በነበረበት፣ ግብርም በእህል በሚገባበት ዘመን፣ ወንድይራድ የሚባል የባንክ ቤት ጸሐፊ ነበር። ሒሳብ ዐዋቂነቱ ተወራለትና የአንድ ጠረፍ አውራጃ የግምጃ ቤት ሹም ሆኖ ተላከ። ሲደርስ የመንግሥት ጎተራ በጤፍ ጢም ብሏል። ክረምቱ ሊገባ ነው፤ የወታደሩም ቀለብ መሰፈሪያው ደርሷል።

ወንድይራድ አገረ ገዢው ፊታውራሪ ደምሰው ዘንድ ገብቶ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ጎተራው አይከፈት። በነሐሴ የጤፍ ዋጋ ሰማይ ሲነካ እንሸጠዋለን። ለቀለቡ ከእህል ነጋዴዋ ከወይዘሮ ዘርፌ በዛሬው ዋጋ እንበደርና ከሽያጩ መስከረም ላይ ከነወለዱ እንመልስ።»

ፊታውራሪ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ቤታችን ሞልቶ ከሰው ደጅ?»

«ባንክ ቤት የሚሠራው እንዲህ ነው። ዋሱ እኔ ልሁን!»

ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ግራዝማች አያሌው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ግን ሹም በተናገረበት ማን ይናገራል? ብድሩ ጸደቀ።

በሐምሌ ዝናቡ አላባራ አለ። አንድ ጠዋት ወንድይራድ በመስኮት ቢያይ ወንዙ ከአፋፉ አልፎ ወደ ጎተራው ይንደረደራል። ባርኔጣውን ጥሎ ሮጠ። በሩን ሲከፍቱት ውኃው ጉልበት ይደርስ ነበር።

«ከሥር ያለውን አውጡ! ከሥር ያለውን!» እያለ ከወታደሮቹ ጋር ጆንያ ተሸከመ። የት ይወጣል! ውኃ የጠጣው ጆንያ እንደ ድንጋይ ከብዷል። በድንገት ግድግዳው ሲንቋቋ ሰማ። «ተዉት! ውጡ!» ብሎ ጮኸ። የመጨረሻው ወታደር ደጁን ሲሻገር ጣሪያው ወረደ።

ወንድይራድ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ቀለቡ ከዚሁ ተሰፍሮ ቢሆን፣ ግማሹ ጤፍ ይሄኔ በየወታደሩ ቤት ደርቆ ይገኝ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ወይዘሮ ዘርፌ ችሎት ቆሙ። «ጤፌን» አሉ።

የሁሉ ዓይን ወንድይራድ ላይ ዐረፈ። «የእግዜር ቁጣ ነው» ብሎ ማመካኘት ይችል ነበር፤ ፊታውራሪም ይህንኑ እንዲላቸው የጠበቁ ይመስላሉ።

«ምክሩም የኔ፣ ዋሱም እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «አዲስ አበባ ያለችኝ ቤት ተሸጣ ይከፈላቸው።» ማኅተሙን ከወገቡ ፈትቶ ፊታውራሪ ፊት አኖረና በእግሩ ወጣ።

ደጅ የቆመ አንድ ባለጉዳይ፣ «ምን ቸግሮት ነው ይህ ሰው እንዲህ የሆነው?» ሲል ጠየቀ።

ግራዝማች አያሌው የሚርቀውን ሰው እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁና እንዲህ አሉ፦ «ምንም አልቸገረውም ልጄ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር!»