በሦስት ልብ የተገዛ ኮምፒውተር

በአንድ ወቅት፣ ያውም በዚህ ሰርግ ሁሉ ሁለት ጊዜ በሚሰረግበት ዘመን፣ አንዴ በድንኳን አንዴ በቪዲዮ ማለቴ ነው፣ ደሴ ላይ አሰገደች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያለቻት አንድ ልጅ ምንታምር ናት። በጥር ዳረቻት። ፋሲካ አልፎ ብዙም ሳይቆይ ምንታምርና ባሏ የተሳፈሩበት መኪና ገደል ገባና ሁለቱም ሞቱ። ደስ የሚል ወሬ ፈልጎ የመጣ ካለ ከወዲሁ ይነሣ፤ ነገሩ ከዚህ በኋላም አይሻሻልም።

የሰርጉ ቪዲዮ ገና አልተሠራም ነበር። የቀረጹት ሦስት ሸሪኮች ናቸው፤ ችኩሉ ተካልኝ፣ ምንም ነገር በቀላሉ የማይጥማት ዘምዘም፣ ጥንቁቁ እንድሪስ። በሦስት ካሜራ ቀርጸው ሲያበቁ አሮጌው ኮምፒውተራቸው አልሸከም አለ። ፊልሙን ሲከፍቱት ድርቅ ይላል። አዲስ ለመግዛት እቁብ ደርሷቸዋል፤ ምን እንደሚገዙ ግን መስማማት አቃታቸው።

አሰገደች በየቀኑ እየመጣች በራቸው ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ትቀመጥ ነበር። እግሯ እስኪቀጥን ተመላለሰች። የምትሰማው ግን ያንኑ ክርክር ነው። ተካልኝ ጉልበት ያለው ግራፊክስ ካርድ ካልተገዛ ሥራው ሁሉ ሲንፏቀቅ ይኖራል ይላል። ዘምዘም ቀለም የሚዋሽ ሞኒተር ላይ ተቀምጦ መሮጥ ምን ይረባል፣ መጀመሪያ እውነቱን የሚያሳይ ሞኒተር ይምጣ ትላለች። እንድሪስ ደግሞ ሁለት ሃርድ ዲስክና ባትሪ ሳይኖር ሌላው ሁሉ ቅንጦት ነው፣ መብራት አንዴ ሄዶ ሲመጣ የሰው ሰርግ ሜዳ ላይ ይቀራል ባይ ነው። ሴትዮዋ ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው አልነበራትም፤ በኋላ በኋላ ግን የሦስቱንም ክርክር በቃሏ ያዘችው። ቶሎ ግዙልኝ እያለች ትለምናቸዋለች።

ጊዜ አልነበራትማ! ግራ ዓይኗን የዓይን ግፊት ከወሰደው ቆይቷል። ቀኙም ከዳር ከዳር እየጠበበ መጥቶ ሐኪሙ ክረምቱን አይዘልቅም ብሏታል። ልጇን ሣጥኑ ሳይከፈት ነው የቀበረችው። ፊቷን ሳታይ ስለቀበረቻት እንባ እንኳ እምቢ አላት፤ እርሟን አላወጣችም። የቀራት ተስፋ ያ ቪዲዮ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሁለት የዕድር ሴቶች አስከትላ መጣችና ክርክራቸውን አቋረጠቻቸው።

«ስሙኝ። ልጄን ለአንዲት ቀን እንኳ የመለሰልኝ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ አውራ ጣቴን ማር ቀብቼ አጠባዋለሁ። የጡት ልጄ ነው። ቤቴ የሱ ነው፤ ስሞትም እሱ ይቅበረኝ።»

ሦስቱም አፈሩ። ወሎ ነውና የማን ልጅ ሙስሊም፣ የማን ልጅ ክርስቲያን የሚለውን ማንም አላነሣውም። ሲያፍሩ ታዲያ ተስማሙ እንዳትሉ። እቁቡን ለሦስት ተካፍለው እያንዳንዳቸው የወደዱትን ሊገዙ ተነሡ! አንድ ኮምፒውተር በሦስት ልብ ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚያ ነው ያየሁት።

ቀድሞ የገዛው እንድሪስ ነው። ድርሻው ለባትሪው አልበቃውም፤ ሁለቱን ዲስኮች እንደሰካ ያሉትን ሰርጎች ሁሉ መገልበጥ ጀመረ፤ ከሁሉም አስቀድሞ የምንታምርን። ሌሎቹ ሸሪኮች ጊዜ ታባክናለህ ብለው ሳቁበት። የሷ ተገልብጦ እንዳለቀ መብራት ሄደና ተመልሶ ሲመጣ አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ዲስክ ተቃጠለ። የዚያ ዓመት ሙሽሮች ሁሉ ጠፉ። ደጁ ላይ የተሰበሰበው ሰው ጩኸት ለጉድ ነበር። የተረፈችው ምንታምር ብቻ ናት።

ቀጥሎ ተካልኝ ካርዱን ይዞ ገባ። ዘምዘም ያዘዘችው ሞኒተር ከአዲስ አበባ ገና አልመጣም፤ ቆይ ብትለው አልሰማትም። የሴትዮዋ ዓይን ቀጠሮ አይጠብቅልኝም አለና አሮጌው ሞኒተር ላይ ተቀምጦ በአንድ ቀን ቆርጦ ቀጥሎ ጨረሰው። አዲሱ ካርድ ባይኖር ኖሮ ያን ሥራ ወር አይጨርሰውም ነበር። በማግስቱ ፊልሙን ቤቷ ወስዶ ቴሌቪዥኗ ላይ ከፈተላት። አሰገደች ልጇ ከመኪና ስትወርድ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ስትራመድ፣ ከሚዜዎቿ ጋር ስትጨፍር ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ከዚያ በኋላ ሰውን ከእግር እስከ ራሱ አይታ አታውቅም። ግን አሮጌው ሞኒተር አጨልሞ ስለሚያሳይ ተካልኝ ሳያውቀው ብርሃኑን ከፍ አድርጎት ኖሯል። ጠይሟ ምንታምር ነጭ ሆና ወጣች፤ አመድ የተነፋባት ትመስላለች። እናትየዋ ሙሉውን አየችና ፊቷን አዞረች።

«ሬሳዋን አላየሁም ብዬ ነበር። ይኸው አሳየኸኝ» አለችው።

ያ ነጭ ፊት በሕልሟ እየመጣ እንቅልፍ ነሣት። ተካልኝ ደግሞ ዓይኗ ሳይጠፋ በመድረሱ ሲኮራ የመጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ማን ይፍረድበት?

ከዚያ የዘምዘም ሞኒተር መጣ። እሷ ደግሞ አትቸኩልም፤ ይኸው ነው በሽታዋ። አሰገደችን አስመጥታ አጠገቧ አስቀመጠቻትና ልጅዎ ማንን ነው የምትመስለው ብላ ጠየቀቻት። ቁርጥ እኔን ነበረች አለች እናት። ዘምዘም የሴትዮዋን እጅ ይዛ ሞኒተሩ አጠገብ ዘረጋችው፤ ያን ቆዳ እያየች የሙሽራዪቱን ፊት አንድ በአንድ ታስተካክል ጀመር። ሐምሌ አለቀ፣ ነሐሴ ገባ። ተካልኝ በዚህ መሀል ሴትዮዋ እየጨለመባት ነው፣ ይብቃሽ እያለ ይጮኽባታል። እሷ ግን ሌላ ሬሳ አላሳያትም ብላ አሻፈረኝ አለች። የጨረሰች ቀን የአሰገደች ዓይን በቁልፍ ቀዳዳ የማየት ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር። አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ተጠግታ መጀመሪያ ግንባሩን፣ ከዚያ ዓይኑን፣ ከዚያ አገጩን ቁራሽ በቁራሽ ለቀመችው።

«እሷ ናት» አለች። «ውይ ልጄ፣ እንዴት ደክሟት ኖሯል።»

ይህን ያወቀው ሌላ ሰው አልነበረም፤ በነጩ ፊት ላይ ድካሙ አይታይማ። ሙሉ ቀን ከዚያ አልተነሣችም። ሳምንቱ ሳይወጣ ግን ቀኝ ዓይኗም ድርግም አለ። ዘምዘም ሐምሌ ላይ ብትጨርሰው ኖሮ ስንት ቀን ታየው እንደነበር እግዜር ይወቅ።

እንግዲህ ጨለመ። አሰገደች ቤቷ ተቀምጣ ፊልሙን ታስከፍታለች፤ የምትሰማው የዘፋኝ ድምፅ ነው። የሰርግ ቪዲዮ ወጉን ታውቁታላችሁ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘፈን ይለበስበታል። ሙሽራዋ አፏን ስታንቀሳቅስ ይታያል እንጂ ያለችው አይሰማም። ተካልኝም ዘምዘምም ድምፁን ቆርጠው የጣሉት ሥራው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ለማየት ለማይችል ሰው ግን በዚያ ፊልም ውስጥ ምንታምር የለችም።

ይሄኔ እንድሪስ ትንሽ ስፒከር ይዞ መጣ። ዲስኮቹ ላይ ያልተነካው ቅጂ ሁሉ አለ፤ ሙሽራዋ ስትለብስ ካሜራውን ሳይዘጉት የቀረጸውም ሳይቀር። ከፈተላት። የልብስ ኮሽታ፣ የሴቶች ሳቅ፣ ከዚያ የምንታምር ድምፅ መጣ።

«እማ፣ እስቲ ትንሽ ቁጭ በይ። ከጠዋት ጀምሮ ቆመሽ እኮ ነው። እኔ የትም አልሄድም።»

አሰገደች ድገመው አለችው። ደገመው። ድገመው አለችው። ከቀብሩ ወዲህ አንዲት ጠብታ ያላፈሰሰችው ሴት ያን ዕለት ጎረቤቱ ተጠራርቶ እስኪመጣ አለቀሰች። ሲወጣላት ወደ እንድሪስ ዞረች።

«ይሄ በእጅህ እያለ ያን ሁሉ ወር የት ነበርክ?»

ሁሉን ባንዴ፣ ሳይጎድል ላስረክብዎት ብዬ ነው አላት። እሱም ይኸው ነው በሽታው።

አሁን የገባችው ቃል ነገር መጣ። የዕድሩ ሴቶች ቃልሽን አትርሺ አሏት። ተካልኝ፣ ዓይንዎ ሳለ ያደረስኩልዎ እኔ ነኝ፣ ያለኔ ሲራመዱ አያዩዋትም ነበር አለ። ዘምዘም፣ እሷ ናት ያሉት የኔን አይተው ነው፣ የሱንማ ፊትዎን አዙረውበታል አለች። እንድሪስ፣ ሁለቱም የሠሩት ከኔ ዲስክ አውጥተው ነው፣ ያለቀሱትም በኔ ነው አለ። ሦስቱንም ታጥባ የምትሉ ትኖራላችሁ፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ሞክረውታል። ሸሪኮቹ ግን ከዚያ ወዲያ አንድ ጣሪያ ሥር መቀመጥ አልቻሉም። ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። ኮምፒውተሩን ፈታትተው አንዱ ካርዱን፣ አንዷ ሞኒተሯን፣ አንዱ ዲስኮቹን ይዞ ሄደ፤ ለየብቻቸው ምን እንደሚሠሩላቸው እነሱም አያውቁት። ሴትዮዋ ደግሞ እጇን ይዞ የሚመራት፣ ከቤቷ የሚያድር አንድ ሰው ያስፈልጋታል።

አሰገደች ማሩን በጣሳ አስቀምጣ ቁጭ ብላለች። ሽማግሌዎቹ ቁርጡን ንገሪን ቢሏት፣ ልጄን መልሱልኝ ነበር ያልኩት፣ ልጄ ግን የለችም፣ እናንተ ዓይን ያላችሁ ሰዎች ፍረዱልኝ አለች። እነሱም መፍረድ አቅቷቸው ወደ እናንተ ሰደዋታል።

እስቲ ፍረዱ፤ ሙሉዋን በሰዓቱ ያሳያት ተካልኝ ነው? እውነተኛ ፊቷን የሰጠቻት ዘምዘም ናት? ከጥፋት አውጥቶ ድምፅዋን ያሰማት እንድሪስ ነው? ወይስ ልጇን ማንም አልመለሰላትምና ማሩ በጣሳው እንዳለ ይቀመጥ? የዚያችን ሴት ጣት ማን ይጥባ?