ሆዱ የቱ ነው?

«አንድ ፓምፕ ሠሪ ነበረ» አሉ ጋሽ አጥናፉ። ስመኝ የማሽን አጠቃቀም መመሪያ እንድትጽፍ እሳቸው ዘንድ የተቀጠረች ሰሞን ነው። ማሽኑን የሚያውቀው መሐንዲሱ፣ የሚሠራበት ገበሬው፤ ታዲያ በመሐል የእኔ ሥራ ምንድን ነው ብላ ጠይቃቸው ነበር። መልሳቸው ይህ ነው።

ፓምፕ ሠሪው ከብረት ጋር የኖረ፣ በሥራው የሚታመን ሰው ነበረ። አንድ ዓመት ዝናቡ ቀደም ብሎ ቆመና ወንዝ ዳር ያሉ ገበሬዎች ተሰባስበው ፓምፕ አሠሩት። ሲያስረክባቸው አንድ ነገር አጥብቆ ነገራቸው፤ «ሆዱን ሳትሞሉ እንዳታስነሱት።» እሺ ብለው ወሰዱት።

ብዙም ሳይቆይ ፓምፑ ተቃጠለ የሚል ወሬ መጣበት። ገበሬዎቹ የማይረባ ዕቃ ሰጠን እያሉ እንደሚያሙትም ሰማ። ከፋው፤ ቢሆንም የቀረችውን አንዲት የፓምፕ ማሸጊያ ጎማ ይዞ ወረደ። ሌላ እስኪገኝ ሽንኩርቱ የሚጠብቅ አልነበረም፤ የችግኙ ጫፍ ቢጫ መሆን ጀምሯል።

ፓምፑን ሲፈታው ጎማው ውሃ ሳያገኝ ደርቆ ነዷል። ነግሬአችሁ ነበር አላቸው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ እስከ አፉ ሞልተነዋል ብለው መለሱ። ሠሪው ፊት ለፊት የዋሹት መሰለው። ይህችንም አስቃጥዬ ባዶ እጄን አልቀርም ብሎ መፍቻዎቹን ወደ ከረጢቱ መመለስ ያዘ።

እዚያ መንደር ያገባች አንዲት የከተማ ልጅ ነበረች። ጠጋ አለችና «ወንድሜ፣ ከመሄድህ በፊት ሆዱ የቱ እንደሆነ በእጅህ አሳየኝ» አለችው።

የምትቀልድበት መስሎት ነበር። ሆኖም ውሃው የሚሽከረከርበት ክብ ብረት ላይ እጁን አሳረፈ።

«አባባ፣ እርስዎስ?»

ሽማግሌው ሳያመነቱ እጃቸውን ናፍጣ የሚጨመርበት ጋን ላይ ጫኑ። «ምግቡ የሚገባበት ነዋ» አሉ።

ለሠሪውና ለሙያ ጓደኞቹ ሆድ ማለት ያ ክብ ብረት ነው፤ ሌላ ሊሆን ይችላል ብሎ አስቦ አያውቅም። ሰዎቹ አልዋሹም፣ አልሰነፉም፤ ያዘዛቸውን አድርገዋል። ንዴቱ በርዶ መፍቻዎቹን መልሶ ከከረጢቱ አወጣ።

ሴትዮዋ ግን ሥራዋን ቀጠለች። አንዱ ውሃ ቤት፣ ሌላው ናፍጣ ቤት ይባል፤ ሆድ የሚለውን ከእንግዲህ ማንም አያንሳ አለች፤ ተስማሙ። ሠሪው አዲሷን ጎማ እየገጠመ አሠራሩን ከመጀመሪያው አስረዳት። እሷ በመንደሩ አነጋገር መልሳ አሰማችው። አስነሥቶ የውሃ ቤቱን ክዳን መዝጋት ስትል መጀመሪያ ዘግቶ ነው አላት፤ ሳይከፋት አስተካከለች። ከዚያ ይህን ሁሉ ያልሰማ ገበሬ ከማሳው አስጠርታ በል እንደምነግርህ አድርግ አለችው። ሠሪውን እጅህን ወደ ኋላ አድርገህ ዝም በል ብላ ለመነችው። ይህ ከሁሉ ከበደው።

ገበሬው ውሃ ቤቱን መሙላት ጀመረና ግራ ገብቶት ቀና አለ። ሠሪው አላስችል ብሎት አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«እሱ አልሳተም። የት ድረስ እንደሚሞላ አልነገርኩትም።»

ሞልቶ እስኪፈስ አለችው። ሞላ፤ ክዳኑን ዘጋ፤ አስነሣ። ቱቦው አንዴ ተንፈራገጠ፣ አየር ተፋ፣ ከዚያ ውሃው መጣ። ገበሬዎቹ ዶማቸውን ይዘው ወደየቦያቸው ሮጡ። ሠሪው ጫማው እየራሰ ባለበት ቆመ፤ ፈገግ ብሎ ነበር።

ጋሽ አጥናፉ ወደ ስመኝ ዞሩ። «ሠሪው መሐንዲስሽ ነው፤ ገበሬው አንባቢሽ። ሁለቱም እውነት ተናግረው ላይገናኙ ይችላሉ። አንቺ ሴትዮዋ ነሽ። አንዱን ነገር በአንድ ስም መጥራቷን በእኛ ቤት የቃላት ስምምነት እንለዋለን፤ ለሠሪው መልሳ ማሰማቷን ግምገማ፣ ያልሰማውን ማስጠራቷን ሙከራ። ፓምፑም ማሳውም የእሷ አልነበረም፤ ውሃው ግን ያለ እሷ አይመጣም ነበር።»

ስመኝ «ጋሼ፣ ይህን ያህል ስጠይቀው መሐንዲሱ ቢቆጣስ?» አለች።

«ይቆጣል» አሉ። «እየተቆጣም ቢሆን ያሳይሻል። አንቺ እጁን እዪ።»