ዞራ ያለፈችው ምንጣፍ

አንዲት ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው። ሆሳዕና ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በጽዳት ሠርታለች። ስሟን ልንገራችሁ፤ ኋላ እንፈልገዋለንና። ምንታምር ሎምቤ ትባላለች።

የምትኖረው ብቻዋን ነው። አንዲት ልጅ አለቻት፤ ፍሬሕይወት ትባላለች፤ አዳማ ናት። ይህች ልጅ እናቷን ሳታማክር ትዳር ያዘች። እናት ይህን የሰማች ቀን በስልክ አንድ ቃል ተናገረች። «ከዛሬ ጀምሮ እናት የለሽም» አለቻት።

እናቶች፣ እንዲህ ያለ ቃል ታውቃላችሁ? ከአፍ ሲወጣ ቀላል ነው። አንድ ትንፋሽ ነው። ለመመለስ ግን ስንት ቀን ይፈጃል?

ለዚህች ሴት ዓመት ከአራት ወር ፈጀባት። ስልኳን ታነሣለች፣ የልጇን ቁጥር ታወጣለች፣ ጣቷን ታስጠጋለች። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ትደፋዋለች። «ምን ብዬ ልጀምር? በየትኛው አፌ?» ትላለች። ማንም አይመልስላትም። ቤት ውስጥ ማን አለና?

ዝምታው ሲከብዳት ጠዋት ጠዋት ከቤት መውጣት ጀመረች። መጀመሪያ ትራመድ ነበር። ቆይታ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረች። በዚህ መካከል የከተማው ሩጫ ደረሰና መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ የመሮጫ ካናቴራ አደለ። እሷም ልትወስድ ሄደች።

ዘበኛው ሃንዲሶ አያት። «እትዬ ምንታምር፣ መወልወያውን ይዘው ነው የሚሮጡት? እንግዲያው መንገዱም ይጸዳልን!» አላት።

«አንተን በሩ ላይ ቀድሜ እወለውልሃለሁ» አለችና ስቃ ተመዘገበች።

የምትመዘግባት ሴት በደረት ላይ የሚለጠፈውን ቁጥር ሰጠቻት። «ከጀርባው ያለችውን ቀጭን ነገር አዩ? ቺፕ ትባላለች። የሮጡበትን ሰዓት የምትይዘው እሷ ናት፤ እንዳያጥፏት። ሲገቡ ውጤትዎ ከነስምዎ በስልክ መልእክት ይደርስዎታል። ቁጥርዎን ይንገሩኝ» አለቻት።

ምንታምር በቃሏ የምታውቀውን ቁጥር ነገረቻት።

«የእርስዎ ነው?»

«የልጄ ነው።»

«እሷም ትሮጣለች?»

«የለም። እሷ ታያለች።»

ነገሩ ገባችሁ? እሷ መናገር ያቃታትን ማሽኑ እንዲናገርላት ፈለገች። እናትሽ አለች፣ በእግሯ ቆማለች ብሎ እንዲነግርላት። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

የሩጫው ዕለት ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሮ መንገዱ ሁሉ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት በሁለት ሰዓት በሰው ግፊያ መካከል ተነሣች፤ እግሯ ምን እንደረገጠ እንኳ አላየችም። ሮጠች፣ ተራመደች፣ ደግሞ ሮጠች። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደረሰ። ከአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በኋላ መግቢያው ታያት።

መግቢያው ላይ ሰማያዊ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ቺፑን የሚያነብበው ያ ምንጣፍ ነው። ይህን ግን የነገራት ሰው የለም። ሁሉ ያውቃል ተብሎ ነው።

ምንጣፉን አየች። እግሯን አየች። እሷ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ የወለወለችው ወለል ሳይደርቅ ሰው በጫማው ሲያልፍበት ዝም ብላ መልሳ የወለወለች ሴት ናት። «ይህንንም የሚያጥብ ሰው አለ» አለች በልቧ። አጠገቧ ያሉት ወጣቶች እየጨፈሩ ረግጠውት ገቡ። እነሱ ይርገጡ! እሷ ግን አጥሩ ክፍት በሆነበት በኩል ወጣች፤ በአዘጋጆቹ ድንኳን ጀርባ ዞራ ሄደች።

ሰባት ኪሎ ሜትር ሮጣ፣ የመጨረሻዋን እርምጃ ዞራ አለፈች።

ከዚያ ስልኳን በእጇ ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መልእክቱ ለልጄ ደርሷታል፤ አሁን ትደውላለች ብላ ጠበቀች። በዙሪያዋ ሰው ይተቃቀፋል፣ ፎቶ ይነሣል። እሷን «እንኳን ገባሽ» ያላት የለም። ስልኩ አልጠራም። ሰው ቀስ በቀስ ሳሳ፤ ድንኳኑ መፍረስ ጀመረ። ስልኩ አልጠራም።

«አይታ ዝም አለችኝ» አለች። «ይገባኛል። እኔ ነኝ እናት የለሽም ያልኳት።»

ልትሄድ ተነሣችና በግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የውጤት ዝርዝር አየች። ማንበብ የተማረችው በቅርቡ፣ በጎልማሶች ትምህርት ቤት ነው። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ ወረደች። አራቱንም ገጽ ጨረሰች። ተሳስቼ ይሆናል ብላ እንደገና ከላይ ጀመረች። ምንታምር ሎምቤ የሚል የለም።

ምንጣፉ አጠገብ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰውዬ ከምንጣፉ ጋር የተያያዘውን የማሽን ገመድ ሊነቅል አጎንብሷል። ጠጋ አለችው።

«ወንድሜ፣ ስሜ የለም።»

ቁጥሯን አይቶ ማሽኑ ላይ ፈለገ። «መነሻው ምንጣፍ ላይ አሉ። መግቢያ ላይ የሉም። አቋርጠው ነው?»

«ኧረ ጨርሻለሁ!»

«በየት በኩል ገቡ?»

በእጇ አሳየችው።

«ምነው ዞሩ?»

«በዚህ ጫማ?»

ሰውዬው ጫማዋን አየ። ቀና ብሎ ፊቷን አየ። «እናቴ፣ ይሄ እኮ የተዘረጋው እንዲረገጥ ነው። ጭቃ ምንም አያደርገውም። ያልረገጠውን ሰው ግን አያውቀውም።»

«እንግዲያ ለልጄ መልእክት አልሄደም?»

«አልሄደም።»

«አሁን ብረግጠውስ?»

«ሰዓቱ እየቆጠረ ነው እኮ። ከተነሡ ከአራት ሰዓት በላይ ሆኖታል። ከሁሉ መጨረሻ ይሆናሉ፤ ያሳፍርዎታል።»

«ልጄ ታየዋለች?»

«እሷስ ታየዋለች።»

«ገመዱን እንዳይነቅሉብኝ!» አለችና የጫማዋን ማሠሪያ ልትፈታ ጎንበስ አለች።

«በጫማዎ! በጫማዎ ይርገጡት!»

ረገጠችው። ማሽኑ ጢጥ አለ።

ብዙ አልቆየም። ስልኳ ጠራ።

«እማ! ምን ሆነሽ ነው? ሰባት ኪሎ ሜትር አራት ሰዓት ከዐሥራ ስድስት ደቂቃ ይላል! ወድቀሽ ነው? ማን አለ አጠገብሽ?»

እናት ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ያዘች። ልጅቱ ከወዲያ «እማ! እማ!» ትላለች።

«አለሁ» አለች በመጨረሻ። «ደህና ነኝ። በዙሪያው ሄጄ ነው የቆየሁት።»

ልጅቱ በረጅሙ ተነፈሰች። «ቆይ ግን፣ አንቺ መሮጥ የጀመርሽው መቼ ነው?»

«ቤቱ ዝም ካለብኝ ወዲህ።»

ሁለቱም አለቀሱ። ምንጣፉ ላይ ቆማ ነው ያለቀሰችው፤ ሰውዬውም ይውረዱልኝ አላላትም።

እኅቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

እናንተስ ዞራችሁ የምታልፉት ምንጣፍ የትኛው ነው? ሩጫውን አልሮጣችሁም አልላችሁም። ሮጣችኋል። ልጅ አሳድጋችኋል፣ ታግሣችኋል፣ ማንም ሳያያችሁ አልቅሳችኋል። ነገር ግን የይቅርታው ደጅ ላይ ስትደርሱ እግራችሁን ታያላችሁ። «እኔ በዚህ ጭቃ? መጀመሪያ ልጽዳ» ትላላችሁ። እግዚአብሔር ፊት ለመቅረብም እንዲሁ ትላላችሁ። ከዚያ በድንኳኑ ጀርባ ትዞራላችሁ። ብቻችሁን ድንጋይ ላይ ተቀምጣችሁ «አይቶ ዝም አለኝ» ትላላችሁ።

ዝም ብሏችሁ ነው? ወይስ ገና አልረገጣችሁትም?

እኔም እናት ነኝ። ስልክ ሲጠራ ልቤ ይወርዳል፤ ሳይጠራም ይወርዳል። የደወለ ሁሉ ወዲያው ይመለስለታል ብዬ አልዋሻችሁም። የልጅ ልብ በራሱ ጊዜ ይመለስ ይሆናል፤ ላይመለስም ይችላል። የእግዚአብሔር ምሕረት ግን እንዲህ አይደለም። የተዘረጋው ለጭቃ እግር ነው። ንጹሕ እግር ያለውማ ማን ነው?

ዘግይተናል ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ዘግይታችኋል። ሰዓቱ ያሳፍራል። ምንታምርም የሁሉ መጨረሻ ነበረች። ስሟ ግን ወጣ። ልጇም ሰዓቱን አይታ አልናቀቻትም፤ ሰዓቱን አይታ ደነገጠችላት።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ያንን በፊቱ የደፋችሁትን ስልክ ገልብጡት። ወይም ተንበርከኩ። ጫማችሁን ለመፍታት አትጎንበሱ።

ገመዱ ገና አልተነቀለም።