ከውጭው ሥራ በኋላ

አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ያቋቋመ ናሁሰናይ የሚባል ሰው በአዲስ አበባ ይኖር ነበር። ድርጅቱ ባሕር ማዶ ላሉ ኩባንያዎች በርቀት ይሠራል። ባለሙያዎቹ ጎበዞች ስለነበሩ ሥራ አጥተው አያውቁም።

አንድ ቀን አክስቱ ሲስተር እታፈራሁ ከትውልድ ከተማው ደወሉለት። በጤና ጣቢያ ነርስ ናቸው፤ እናቱ ከሞተች በኋላም ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«ናሁዬ፣ እናቶች የልጆቻቸውን የክትባት ቀን እየረሱ ተቸገርን» አሉት። «ስልክ የሌለው ቤት ግን የለም። ቀኑ ሲደርስ መልእክት የሚልክ ነገር ልትሠሩልን ትችላላችሁ?»

«ይህማ ቀላል ነው እትዬ። የያዝነውን የውጭ ሥራ እናስረክብና እንሠራዋለን።»

የውጭው ሥራ የአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ነበር። ክሊኒኩ ባለበት አገር ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎችን፣ የውሻቸው ክትባት ሲደርስ በስልካቸው የሚያስታውስ ፕሮግራም ነው። ሊያልቅ ሲል ፌቨን የምትባል ሠራተኛው፣ «ይህንኑ ትንሽ ብናስተካክለው ለአክስትህ ጤና ጣቢያ ይሆናል እኮ» አለችው።

ናሁሰናይ ሐሳቡን ወደደው። በዚያው ሰሞን ግን ደንበኛው ለድመቶችም ይሠራልኝ አለ። እሱ ሲያልቅ ሌላ ተጨመረ። ሲስተር እታፈራሁ በየበዓሉ ሲደውሉ ያነሱበታል፤ እሱም «ትንሽ ይታገሡኝ» ይላቸዋል። በኋላ በኋላ ደህንነቱን ብቻ ጠይቀው ስልኩን መዝጋት ጀመሩ።

በሦስተኛው ዓመት ትውልድ ከተማው ውስጥ ኩፍኝ ገባ። ናሁሰናይ ወሬውን እንደሰማ ደወለ።

«ክትባት ጠፍቶ ነው እትዬ?»

«ክትባቱስ ፍሪጅ ውስጥ ነበረ» አሉት በደከመ ድምፅ። «ሁለተኛውን ዙር ሳይወስዱ የቀሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ትናንት የጎረቤታችንን የጥሩዬን ልጅ ቀበርን።»

አልወቀሱትም።

በማግስቱ ከፌቨን ጋር ተቀመጠ። ሥራው ሁለት ሳምንት እንኳ አልፈጀም። ለአክስቱ ይዞላቸው ሄደና በራሳቸው ስልክ ሞከሩት፤ መልእክቱም ገባ። ሲስተር እታፈራሁ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ለሚወለዱት ይሆናል።»

ናሁሰናይ ከጤና ጣቢያው ሲወጣ ጥሩዬን መንገድ ላይ አገኛት። ሥራው በእሱ እጅ እንደዘገየ ስለማታውቅ እንደ ድሮው አገላብጣ ሳመችው።

ያ የውጭ ደንበኛም በዓመቱ ሥራውን ረከስ አድርጎ ለሚሠራ የሌላ አገር ቡድን ሰጠ። ናሁሰናይ አልተቀየመውም፤ ውሉ ይፈቅድለት ነበርና።

ለሩቅ ሰው ሠርቶ ማደር ነውር አይደለም፤ የብዙ ወጣት እንጀራ ነው። የናሁሰናይ ጥፋት የቅርቡን ሰው ለትርፍ ጊዜው ማስቀመጡ ነው። ደንበኛ ቀነ ገደብ ስላለው አይረሳም። የራሳችንን ሰው ግን ይታገሠናል እያልን እናቆየዋለን። እሱም ሲሰለቸው አይጮኽብንም፤ መጠየቁን ይተዋል።

እናንተስ፣ መጠየቁን የተወባችሁ ሰው ማን ነው?