ስድሳ ክንድ ገመድ

በቤቱ ገመድ የሌለው ሰው እንኳ ስለ ገመድ የሚተርተው አንድ ተረት አለ፤ የወለደው ግን የአንድ ሰው ቅናት ነው።

ቢያድግልኝ ባሕር ማዶ አሥራ አንድ ዓመት ተምሮ ሐይቅ ዳር ወዳለው መንደሩ ሲመለስ አንድ ሳጥን ሙሉ መጽሐፍ ይዞ ነበር። ሳጥኑን ያየ እንጂ እሱን የጠየቀ አልነበረም። ነፋሱ መቼ ይነሣል? ቀዛፊው ጓንጉል ይጠየቅ። ዓሣው ወዴት ሸሸ? ጓንጉል ይጠየቅ። "ፊደል ያልቆጠረ!" ይላል ቢያድግልኝ በልቡ፤ አንጀቱ ያራል።

በዚያ ዓመት መንደሩ ገበያተኛ የሚያሻግር ጀልባ አሠራ። ነፋስ ሲነሣ ጀልባውን ባለበት የሚያቆም፣ በገመድ የታሰረ ድንጋይ አስፈለገ። ሽማግሌው አባ ይመር ጓንጉልን ጠሩት።

"ሐይቁ ጥልቀቱ ስንት ነው?"

"አላውቀውም፣ አባ። አርባ ክንድ ሰድጄ መሬት አላገኘሁም።"

"እውነተኛ! ተባረክ!"

አላውቅም ብሎ ይመረቃል! ቢያድግልኝ ብድግ አለ። "እኔ ለክቼ እነግራችኋለሁ።"

በማግስቱ ብቻውን በታንኳ ወጥቶ፣ ድንጋይ የታሰረበት ስድሳ ክንድ ገመድ ሰደደ። ገመዱ ሄደ፣ ሄደ፣ ጫፉ እጁ ላይ ቀረ። ድንጋዩ ግን ገና ቁልቁል ይጎትተዋል። ታዲያ የጓንጉልን "አላውቅም" ተቀብሎ ይድገመው? ሞት ይሻለዋል።

"ስድሳ!" አለ ዳር ሲደርስ።

"ድንጋዩ አረፈ?" አለ ጓንጉል።

"ስድሳ አልኩህ! አንተ አርባ ላይ ስለቀረህ ቀናህ እንዴ?"

አባ ይመር ለጥንቃቄ አሥር ጨምረው ሰባ ክንድ አስገመዱ።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን፣ አባ ይመርና የቢያድግልኝ እናት በጀልባው ተሳፍረው ሳሉ፣ ነፋስ ተነሣ። ድንጋዩ ተጣለ፤ ሰባው ክንድ አለቀ፤ ጀልባው አልቆመም። ዳር ካለው ቋጥኝ ጋር ተላትሞ ተገለበጠ። ጓንጉል ደርሶ ሰዉን አንድ በአንድ አወጣ። ቢያድግልኝ እናቱን በጓንጉል ጀርባ ታዝለው ሲወጡ አያቸው፤ ያን ጊዜ እንኳ ቀና።

"ልጄ፣" አሉት አባ ይመር፣ "ያን ቀን ድንጋይህ መሬት ነክቶ ነበር?"

አንገቱን ደፋ። "ገመዱ... አለቀብኝ።"

ሽማግሌው የጋቢያቸውን ውኃ እየጨመቁ ወደ ሰዉ ዞረው እንዲህ አሉ፦ "ገመዱ ቢያልቅበት፣ ሐይቁ አለቀ አለ።"