ብቻውን የመጣው የውሃ አባት

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህን ተረት መተረት አልነበረብኝም። ስለ ምርጫ አይደለም፤ ስለ እንስሳት ነው። እንስሳት ደግሞ ከእኛ ጋር ምንም አያገናኛቸውም።

እናላችሁ፣ ድሮ፣ አፍ ለሁሉም ተሰጥቶ ጆሮ ግን ባነሰበት ዘመን፣ በአንድ ሸለቆ አንድ ምንጭ ነበረ። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍል የውሃ አባት በየዓመቱ ይመረጣል። አምና ዝንጀሮን መረጡ። ዝንጀሮ ዘመዶቹን አግተልትሎ መጣ። ዘመድ ጠጣ፣ ዘመድ ታጠበ፣ ሌላው ጭቃ ላሰ። ስለዚህ እንስሳቱ ማሉ፦ «ከእንግዲህ ተከታይ ያለውን አንመርጥም! በግሉ የመጣ ብቻ!»

ከምንጩ በላይ ዳገቱ ላይ ሸንጎ ተቀመጡ። በግ ሰብሳቢ ሆነ። እናት አህያ በጥም የዛለች ውርንጭላዋን ይዛ ከዳር ቆመች።

መጀመሪያ ከበሮ እየተንከባለለ መጣ።

«ማን አለህ?» አለ በግ።

«ከኋላዬ ማንም የለም፤ ከውስጤም ማንም የለም!»

«እሰይ! ንጹሕ ነው!» አሉ እንስሳቱ።

«ውሃ ማከፋፈል ትችላለህ?» አለች አህያ።

«ኧረ እትዬ አህያ፣ አታቋርጪ!» አለ በግ።

ቀጥሎ ጃርት መጣ። ከኋላው ከርከሮና ኤሊ ነበሩ።

«ማን አለህ?»

«እኔም በግሌ ነኝ፣ ጋሽ በግ። ግን የምንጩ ቦይ በደለል ተደፍኗል፤ ብቻዬን አልችለውም። እኔ እቆፍራለሁ፣ ከርከሮ አፈሩን ይገፋል፣ ኤሊ ተራ ታስጠብቃለች።»

«ሦስት ሆኖ መጥቶ በግሌ ይላል! ቡድን ነው! ቡድን!» አሉ እንስሳቱ።

«ኧረ ጎበዝ፣ ስለ ቦዩ እኮ ነው የሚያወራው» አለች አህያ። ማን ይስማት።

በመጨረሻ ጅብ መጣ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ብቻውን።

«አያ ጅቦ፣ ማን አለህ?»

«ማንም የለኝም። ከወንድሞቼ እንኳ ተለይቻለሁ።»

«በምን ተጣላችሁ?» አለች አህያ።

«በድርሻ ነው፣ እቴ። እነሱ እኩል እንካፈል አሉ። እኔ ግን በአቋሜ ጸናሁ።»

ሸንጎው በጭብጨባ ተናወጠ። «አቋም ያለው! ለወንድሞቹ እንኳ ያልተበገረ!» እኔ ምን ልበል። ከበሮ ተረሳ፤ ጅብ ተመረጠ።

ምንጩ ዳር እንደተቀመጠ ደንብ አወጣ፦ «እኔ ብቻዬን ነኝ። ስለዚህ እናንተም አንድ በአንድ፣ ብቻችሁን ትመጣላችሁ።»

«አቤት ፍትሕ!» አሉ።

ፍየል ብቻዋን ወረደች። አልተመለሰችም። «ጠጥታ ጠጥታ ተኝታ ይሆናል» አሉ። ሚዳቋ ወረደች። አልተመለሰችም። «ውሃው ተስማምቷታል» አሉ። ከዚያ ጅብ ተጣራ፦ «የውርንጭላዋ ተራ ነው! ብቻዋን!»

አህያ ልጇን አየች። ምላሷ ደርቋል። ብትልካት ጅብ አለ፤ ባትልካት ጥም አለ። ሸንጎውን ለመነች።

«ደንብ ደንብ ነው፣ እትዬ» አለ በግ። «ደግሞስ የመረጥነው እኛው አይደለን?»

አህያ ከዚያ በኋላ ሸንጎ አልለመነችም። ጃርትን፣ ከርከሮንና ኤሊን ጠርታ፣ ውርንጭላዋን መሐል አድርጋ ወረደች።

«ይሄ ሕገወጥ ስብሰባ ነው!» አለ ጅብ።

ጃርት እሾሁን አቆመ። ከርከሮ ክራንቻውን አሳየ። አህያ ዞር ብላ በኋላ እግሯ መንጋጋውን አለችው። ጅብ እየጮኸ ዱር ገባ። ኤሊ ይህ ሁሉ ሲሆን ገና መንገድ ላይ ነበረች። ውርንጭላዋ ጠጣች፣ ጠጣች፣ ጠጣች።

ዳገቱ ላይ ግን ሸንጎው ምላሱን አንጠልጥሎ ይከራከር ነበር፦ በቡድን መውረዳቸው ልክ ነው ወይስ አይደለም?

«ጅቡ እኮ ሄዷል! ኑ ጠጡ እንጂ!» ብላ ጮኸች አህያ።

«ታገሺ፣ እትዬ» አለ በግ በደረቀ ጉሮሮው። «ገና አጀንዳው ላይ ነን።»

«ማን አለህ?» ብሎ የመረጠ ምራቁን ይውጣል፤ «ምን ትችላለህ?» ብሎ የመረጠ ውሃ ይጠጣል። ብቻውን የመጣውንም ለምን ብቻውን እንደቀረ ጠይቁት።

ተረቴን አትመልሱልኝ፤ አፌንም በምንም አታብሱልኝ። ብቻ አደራ፣ ለማንም እንዳትነግሩ። በተለይ ለበጎች።