፲ የተጻፈባት ወረቀት

በአንድ ወቅት፣ ወይን በሚለማበት ወንዝ ዳር፣ የሺመቤት የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ነጭ ወይን ጠምቆ፣ አረቄ ጨምሮ፣ በበርሜል የሚያስረጅ ሰው ነበር። ወይኑ ጣፋጭ አይደለም፤ ጠጅ የለመደ ሰው ሲቀምሰው ፊቱ ይጨማደዳል። የወይኑን ዕድሜ ወረቀት ላይ ጽፋ ጠርሙሱ ላይ የምትለጥፈው የሺመቤት ነበረች። ባሏ ሊሞት ሲል ተናዘዘ፦

«በአስረኛው ሙት ዓመቴ፣ ከሦስቱ ልጆቼ አስር ዓመት ተብሎ የሚጻፍበት ወይን ላቀረበው የወይን መጋዘኔን ቁልፍ ስጪው። ሌሎቹ በእሱ ሥር ይደሩ።»

የበኩር ልጁ ደምሴ በቀብሩ ማግስት አንድ በርሜል አዲስ ወይን ሞላ። አፉን በሰም ደፍኖ ከመሬት በታች ቀበረው። አስር ዓመት ሙሉ ማንም እንዲነካው አልፈቀደም፤ እሱም አልነካውም።

ሁለተኛዋ ልጅ ዘርፉ ከአባቷ የደረሳት የስምንት ዓመት ወይን ነበራት። ቀኑ ሲደርስ አስራ ስምንት ሞልቶታል። እሱን ከሁለት ዓመት ወይኗ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቀለችው፤ ከአባቷ እጅ የቀረው የመጨረሻ ወይን እዚያው አለቀ።

አጥናፉ፣ መቼም ትንሹ ልጅ አይደል፣ አራት ዓመት በየአገሩ ሲዞር ከረመና ዘግይቶ ጀመረ። ትንሽ በርሜል መርጦ ሙቀት በሚበዛበት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አስቀመጠው። ሙቀት ወይን ቶሎ ያስረጃል። በየሳምንቱ ግን ከፍቶ ያሸተው፣ ይቀምሰው ነበር። ስድስት ዓመት እንዲህ ደከመበት።

በሙት ዓመቱ ዕለት ሦስት የወንዙ ዳር ቀማሾች ዓይናቸውን ተሸፍነው ቀመሱ። የደምሴን፣ የመሬቱ ቅዝቃዜ እርጅናውን አዘግይቶበት ኖሮ፣ «አምስት ዓመት ቢሆነው ነው» አሉ። የዘርፉን ሁለቱ «አስር» ሲሉ፣ አንዱ ሽማግሌ ግን «አያትና የልጅ ልጅ አብረው ሲያወሩ ይሰማኛል» ብለው ሳቁ። የአጥናፉን ሦስቱም በአንድ አፍ «አስር!» አሉ።

«እማዬ» አለ ደምሴ፣ «አንድ ቀን ሳላጎድል ጠብቄያለሁ። በእኔ ወይን ላይ ካልጻፍሽ ውሸት ልትጽፊ ነው።»

«አባዬ ራሱ ሲቀላቅል ኖሮ የለም?» አለች ዘርፉ። «የአሮጌውንና የአዲሱን ዕድሜ አማካይ ወስዶ ነበር አስር የሚለው። ወረቀቱን የለጠፍሽው አንቺው ነሽ።»

አጥናፉ ብርጭቆውን ለእናቱ አቀበላት። «ቅመሺና ፍረጂ» አለ።

የሺመቤት ቀመሰች። የባሏ ወይን ጣዕም ነበር። ደምሴን ግን ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም፤ የዘርፉም ንግግር እውነት መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሟቹ ወይኑ የቆየበትን ዘመን ማለቱ ነበር፣ የራሱን አሠራር ወይስ ጣዕሙን? ተነሥቶ አይነግራት ነገር።

፲ ብላ የጻፈችባት አንዲት ወረቀት በእጇ ናት፤ ሙጫው ሊደርቅ ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ በማን ጠርሙስ ላይ ትለጥፋት?